ጋኔኑና ጎረቤቱ

በጋይንት ቤተ ልሔም ሌሊቱ ጸጥ አይልም። የድጓው ተማሪ ቀን ቀን ቁራሽ ፍለጋ አኮፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ ሲዞር፣ ከመምህሩ ዘንድ ቀርቦም መጽሐፉን ሲያዜም ይውልና፣ በቃል የሚያዘውን ትምህርት ብርሃን ስለማያስፈልገው ለሌሊት ያቆየዋል። ከአንዱ ጎጆ በግዕዝ ሲነሣ ከሌላው በዕዝል ይሰማል፤ ራቅ ካለው ደግሞ በአራራይ የሚያንጎራጉር ጀማሪ እየሳተ እየተመለሰ፣ እንደገናም እየሳተ ያንኑ ሐረግ ይደጋግማል። የአገሩ ገበሬ በዚህ ድምፅ ተኝቶ በዚህ ድምፅ ይነቃል። የሚደነግጠው ድምፁ የተቋረጠ እንደሆነ ነው።

እንግዲህ በዚህ መንደር በሌሊት የደረሰ አንድ እንግዳ ይታሰብ። ከከተማ የመጣ ነው፤ ግዕዝ አያውቅም፤ የበግ ለምድ የደረቡ ጎረምሶች በጨለማ ውስጥ በማይገባው ቋንቋ ሲያዜሙ ይሰማል። ይህ እንግዳ ሊፈራ ይችላል፤ መፍራቱም አያስወቅሰውም። የሚያስወቅሰው ከነፍርሃቱ ወደ ከተማው ተመልሶ፣ የሰማው ምን እንደሆነ አንድም ሰው ሳይጠይቅ፣ ደብተራው አጋንንት ሲጠራ አደረ ብሎ መጽሐፍ የጻፈ እንደሆነ ነው። በየመጻሕፍት መደብሩና በየአዟሪው እጅ ከሚገኙት ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶች መካከል፣ ስለ ጠንቋይና ስለ አጋንንት ከሚያወሩት ጥቂት የማይባሉት በዚህ እንግዳ ብዕር የተጻፉ ይመስላሉ።

የእነዚህ መጻሕፍት አካሄድ፣ በየሽፋኑ ስሙ ይለዋወጥ እንጂ፣ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አንድ የከተማ ምሁር ጥንታዊ ብራና ያገኛል፤ ብራናው የተከለከለ አስማት ይዟል፤ አስማቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ደብተራ በሩቅ ደብር ይኖራል፤ ዓይኗን ሰው የሚፈራው ሴት በመንደሩ ውስጥ ትታያለች፤ ሕፃን ይታመማል፣ ጅብ ይጮኻል፣ መብራት ይጠፋል። አንባቢ እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ድረስ ፈርቶ ይደሰታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቅሬታ ነው። ማን ምን ለምን አደረገ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነውና። ወንድም ወንድሙን ለምን ከዳ? ጋኔን ስለገባበት። እናት ልጅዋን ለምን ጣለች? ተደግሞባት። ሹሙ የድሆችን እህል ለምን ሸጠ? መተት ተሠርቶበት። ደራሲው ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሲደክም ኖሮ አንድም ሰው ሳያገኝ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ምንጭ የአገር ቤት ተረት ነው ለማለት ያስቸግራል። አሜሪካዊው ዊልያም ፒተር ብላቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ፊልም የሆነው «ዘ ኤግዞርሲስት» ታሪኩን የሚጀምረው ከሰሜን ኢራቅ የቁፋሮ ስፍራ ነው። ጥንታዊ የሆነ ክፋት ከሩቅ ምሥራቅ ይነሣና በዋሽንግተን ከተማ በምትኖር አንዲት ልጅ ላይ ያርፋል። ያም ሆኖ በብላቲ መጽሐፍ ውስጥ እምነቱ የከዳው፣ እናቱ በብቸኝነት የሞተችበት፣ ጸጸት የሚበላው አንድ ቄስ አለ፤ መጽሐፉን የተሸከመው እርሱ ነው። የዚህን ዓይነት መጽሐፍ መንገድ የሚከተለው የአማርኛ ደራሲ ቄሱን ትቶ ቁፋሮውን ብቻ ይወስዳል፤ በኢራቅም ፋንታ ጋይንትን ይተካል።

ለመሆኑ ክፋትን ለጋኔን አስረክቦ የሚገላገል ደራሲ የሚበድለው ጥበቡን ብቻ ነውን? መጽሐፉ አላማረም ብሎ ማለፍ ይበቃልን? ወይስ ከመጽሐፉ ውጭ የሚጎዳ ሰው አለ?

መጀመሪያ የሚጎዳው ደብተራው ነው። ትውፊት ድጓን የሚያያይዘው በ6ኛው መቶ ዘመን አክሱም ላይ ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ጋር ነው። ቤተ ልሔም የዚህ መጽሐፍ የምስክር ቤት ናት፤ በሌላ አገር ያጠና ተማሪ ተፈጽሟል የሚባልለት እዚህ መጥቶ ሲያስመሰክር ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም ከዚያው ከጋይንት ምድር አይወጣም። ዜማውን ከነምልክቱ ማወቅ ዓመታት ይፈጃል፤ በቀድሞው ልማድ ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ መጻፍም ነበረበት። ብራና መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ ብዕር መቅረጽን የሚያውቀው ስለዚህ ነው። ተመርቆ ሲወጣ ግን መሬት ያለው ደብር ሁሉንም ሊያሳድር አይችልም ነበር። ለቀሪው በእጁ የቀረለት ሙያ ጽሕፈት ነው። የጽሕፈት ገዢ ደግሞ ንጉሥ ወይም ደብር ካልሆነ የመንደር ሰው ነው፤ የመንደር ሰው የሚገዛው ጽሑፍ ክታብ ነው። ደብተራንና ክታብን ያገናኘው እንጀራ ነው እንጂ በሌሊት ከአጋንንት ጋር የተዋዋለው ውል አይደለም። ለዚህ የሚበቃ ልብ ወለድ አልተጻፈም እንጂ ነገሩስ እዚህ አለ፤ የያሬድን ዜማ ስንት ዓመት የደከመበት ሰው፣ ያላመነበትን ጽሑፍ ለአንዲት ደሃ እናት ሲሸጥላት ልቡ ምን ይለዋል? ምናልባትም ያምንበት ይሆናል፤ ያ ደግሞ ሌላ ልብ ወለድ ነው።

ክታቡስ ምንድን ነው? እየተቀጣጠለ የሚሰፋ ቀጭን የብራና ጥብጣብ ነው። ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር፤ ተጠቅልሎ በማኅደሩ ይከተትና በአንገት ይታሠራል፤ ወይም በአልጋ ራስጌ ይሰቀላል። ትልልቅ ዓይኖች ይሣሉበታል፤ ሰይፍ የመዘዙ መላእክትም ይሣሉበታል። እነዚህን ዓይኖች ያየ ልብ አንጠልጣይ ደራሲ የመጽሐፉን ሽፋን አገኘ። ይሁን እንጂ በብዙ ክታቦች ላይ የሚነበበው ታሪክ የሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ ነው። ውርዝልያ ሕፃናትን እየገደለች የምትዞር ናት፤ የሱስንዮስን ልጅ በገደለችበት ጊዜ እርሱ በፈረስ ተቀምጦ ያሳድዳትና በጦር ይወጋታል። የዚህ ጸሎት ገዢ ማን እንደነበረች መገመት አያዳግትም። ልጆቿ ሲወለዱ የሚሞቱባት ሴት ናት። ከእነዚያ ትልልቅ ዓይኖች በስተጀርባ ያለው የአንዲት እናት ሐዘን ነው፤ ዓይኖቹም የተሣሉት የቀረው ልጅ እንዲተርፍላት ነው።

ሾተላይ የሚለውን ቃል መንደሩ የፈጠረው ለዚህ ሐዘን ነው። ዛሬ ሐኪሞች የእናትና የፅንስ የደም ዓይነት፣ ማለትም የአር ኤች፣ አለመጣጣምን በዚሁ በጥንቱ ስም ይጠሩታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ በወሊድ ጊዜ የእርሱ ደም ከእናቲቱ ደም ጋር ሲገናኝ የእናቲቱ ሰውነት ጠላት እንደገባበት ቆጥሮ መከላከያ ይሠራል፤ ያ መከላከያ ቀጥሎ የሚፀነሰውን ልጅ ደም ያጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ይህን የሚከለክል መርፌ በሥራ ላይ ውሏል። መንደሩ የደም ዓይነት ምን እንደሆነ ባያውቅም ያስተዋለው ነገር ትክክል ነበር፤ ሞቱ ተደጋጋሚ መሆኑን፣ ጉዳዩም ከእናቲቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን አይቷል። ለማይታወቅ ነገር ስም መስጠት ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ የመጣው ስሙ ሳይበቃው ቀርቶ ጥፋተኛ ፍለጋ ወደ ጎረቤት በሄደ ጊዜ ነው።

ጎረቤትም አይጠፋም። ብረት ቀጥቃጩ አለ፣ ሸክላ ሠሪዋ አለች፣ ቆዳ ፋቂው አለ። በጎንደር አገር ቤተ እስራኤላውያን በዚህ ሙያ ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ገበሬው ከጠይቡ ዘንድ ማረሻውን ያሠራል፤ ሚስቱም ከሸክላ ሠሪዋ ምጣዷን ትገዛለች። ሌሊት ጅብ በጮኸ ጊዜ ግን ያ ጠይብ ነው ይባላል። ልጅ ሆዱን ከታመመ የበላው ያ ነው፤ ወይም በገበያ ያየችው ያች ናት። ሰው ያለ ማረሻውና ያለ ምጣዱ መኖር በማይችልበት አገር ማረሻና ምጣድ ሠሪውን ሰው በላ ብሎ መጥራት ምን ያህል የሚያስደንቅ ነገር ነው! አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎችና ከዚያም ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሰዎቹ ቢሄዱም ሐሜቱ ሌላ ባለቤት ፈልጎ ቀረ።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት አዋጅ በዚህ ረገድ ደጋግሞ ሊነበብ ይገባዋል። አዋጁ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር የሚያዝ ነው። ብረት የሚሠራውን ጠይብ እያሉ፣ ሸማ የሚሠራውንም በሙያው እያቃለሉ መናገር ይከለክላል። ከዚያው ጋር የሚጽፈውን ሰው ጠንቋይ እያሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለውንም ደብተራ እያሉ መስደብን አብሮ ያነሣል። የሥነ ጽሑፍ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። በዚህ አገር ውስጥ ለረጅም ዘመን ጠንቋይ የሚለው ቃል የጸሐፊ ስድብ ነበር። ብዕር የያዘ ሁሉ ይጠረጠር ነበር። የዛሬው ደራሲ የሙያ አያቱ የተወገሩበትን ድንጋይ ከመሬት አንሥቶ፣ በልብ ወለዱ ውስጥ እንደገና በደብተራው ላይ ይወረውራል፤ የሚወረውረውም በገዛ ዘመዱ ላይ መሆኑን አያውቅም።

ድንጋዩ ሲወረወር ደግሞ ማንን እንደሚመታ ወርዋሪው አይመርጥም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከአገሪቱ ነገሥታት ሁሉ የበለጠ ጥንቆላን ያሳደዱ፣ መጽሐፍም የጻፉበት ሊቅ ነበሩ። ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን በሰውነቱ ላይ ጽፎ እንዲይዝ አዘዙ። ደስክና ዲኖ የሚባሉትን የሚያመልክ ሁሉ እንዲቀጣ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የራሳቸው ዜና መዋዕል ይተርከዋል፤ ክሱ ከቤተ መንግሥቱ ገባ፤ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው በዚሁ ነገር ተከሰሱ፤ በደረሰባቸውም ቅጣት ሞቱ። ንጉሡ ቅን አልነበሩም ለማለት አያስደፍርም። እንዲያውም ነገሩን አስፈሪ የሚያደርገው ቅንነታቸው ነው። ጋኔን በሰው ልብ ውስጥ ተደብቋል ከተባለ በማን ልብ ውስጥ እንዳለ የሚታወቀው በጠቋሚ ብቻ ነው፤ ጠቋሚም የንጉሥ ልጅ ብሎ አይመለስም። በአውሮፓም ከ15ኛው እስከ 18ኛው መቶ ዘመን ከ40 እስከ 50 ሺሕ የሚገመት ሰው በጠንቋይነት ተከሶ ተገድሏል። በአሜሪካ ሴለም በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1692 አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተሰቅለዋል፤ አርተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1953 ያንን ወደ መድረክ ሲያመጣ በዘመኑ የነበረውን የጠቋሚዎች ፖለቲካ እያየ ነበር። ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ጥንቆላ ኋላ ቀር እምነት ነው እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች፣ ልክ እንደ ቡዳው ሁሉ በመልክ የማይለይ፣ ከጎረቤት ጋር የሚኖር፣ በጠቋሚ ብቻ የሚታወቅ ጠላት ነበራቸው።

ሁለት መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ ልብ ወለድ ጨዋታ ነው፤ ሰው መፍራት ይወዳል፤ በምድጃ ዙሪያ የጅብ ተረት ያልሰማ ማን አለ የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን የምድጃው ተረት የሚነገረው እንዲሳቅበትም ጭምር ነው፤ ጅቡም ብዙ ጊዜ ይሞኛል፣ ይታለላል፤ ልጁም ፈርቶ በአያቱ እቅፍ ውስጥ ያድራል። ማልዶ የሚሰደብ ጎረቤት የለበትም። የሚሰደብ ሰው ያለበት ተረት በተገኘም ጊዜ የተረትነት መብቱ አያድነውም።

ሁለተኛው ከባድ ነው። አጋንንት የሉም ሊባል ነውን? መጽሐፍ ቅዱስም አዋልዱም አሉ ይላሉ፤ ሕዝቡም ያምናል። ይህ ክርክር ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም፤ አሉ ብሎ ለሚያምንም ሰው ቢሆን ጥያቄው ያው ነውና። በኦሪት ዘፍጥረት ሔዋን እባቡ እንዳሳታት ተናግራለች፤ የተናገረችውም እውነት ነበር። ያ እውነት ግን ከፍርድ አላዳናትም። እምነቱ ራሱ ፈታኙን ለብቻው፣ የፈቀደውንም ለብቻው ይጠይቃል። ልብ አንጠልጣዩ ደራሲ ከሃይማኖቱ የወሰደው አጋንንቱን ነው፤ ፈቃድን ትቶታል። ስለዚህ መጽሐፉ ለማያምነው አንባቢ ሐሰት ሲሆንበት ለሚያምነውም ያው ሐሰት ነው።

ይህን አገር ከጥንት ጀምሮ ያስፈራው ታሪክ ምን እንደሚመስል ለማየት የበላዔ ሰብእን ተአምር ማንሣት ይበቃል። ከተአምረ ማርያም ታሪኮች መካከል ሕፃንና ሽማግሌ ሁሉ የሚያውቀው እርሱ ነው። በቅምር አገር የነበረ ሰው ሰባ ስምንት ነፍስ በላ፤ ቤተ ሰቡንም አላስቀረም። ከዚህ የበለጠ አስፈሪ ነገር በየትኛው የአዟሪ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል? ታሪኩ ግን የሚፈጸመው በጥርኝ ውኃ ነው። ቁስለኛ ለማኝ በእመቤታችን ስም ውኃ ሲለምነው ጥርኝ ያህል ሰጠው፤ ነፍሱም በሚዛን በተመዘነች ጊዜ ያች ጥርኝ ውኃ መዘነች። ትርጓሜውን ለሊቃውንቱ ትቶ የድርሰቱን ነገር ብቻ ለተመለከተ፣ ሰሚውን የሚያስጨንቀው የሰባ ስምንቱ ሞት ብቻ አይደለም። ያ አውሬ የሆነ ሰው በመንገድ ላይ ቆሞ፣ ውኃውን ልስጥ አልስጥ ሲል ያለችው ቅጽበት ናት። ሰው ሆኖ የተገኘው እዚያ ላይ ነው። ይህን ተአምር የደረሰው ሰው ስሙ አይታወቅ እንጂ የተውኔትን ምስጢር ያውቅ ነበር።

ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት የሼክስፒር «ማክቤዝ»ም በሦስት ጠንቋዮች ይጀመራል። ጠንቋዮቹ ግን ማንንም አይገድሉም፤ ግደልም አይሉም። ትነግሣለህ ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ያንኑ ድምፅ በዚያው ስፍራ ባንኮም ሰምቷል፤ ለእርሱም ስለ ዘሩ ተነግሮታል፤ ሆኖም ቢላ አላነሣም። ባንኮ ባይኖር ኖሮ ማክቤዝ መተት የተሠራበት ምስኪን በሆነ ነበር። የባንኮ መኖር ነው ማክቤዝን ነፍሰ ገዳይ የሚያደርገው፤ ተመልካቹም በወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ የሚጀምረው ስለዚህ ነው። አንድ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ሲነበብ ባንኮ ማነው ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ለቴአትር ሰዎች ደግሞ ከቤታቸው ራቅ ሳይሉ የሚያገኙት ነገር አለ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ፣ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት፣ መልካም አየሁ በምትባል ባለ ዛር ቤት ሲመላለስ ከርሟል። (የሌሪስ ጓዶች በዚያው ጉዞ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ነቅለው ወደ ፓሪስ ወስደዋል፤ የሰው አገር አጋንንት የሚያጠና ሰው እጁም መጠናት አለበት።) ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የዛርን ልክፍት ከቴአትር ጎን አየው። የተያዘችው ሴት የዛሩ ፈረስ ናት፤ ዛሩ ሲወጣባት ድምፅዋ ይለወጣል፣ አቋቋሟ ይለወጣል፣ ስሟም ይለወጣል። ታስመስላለች ማለት አይቻልም፤ አታስመስልም ማለትም አይቻልም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ዛሩ የሚናገረው ነው። ሴቲቱ በገዛ አፏ ባሏን ልትጠይቀው የማትደፍረውን ቀለበት፣ ልብስና ዕረፍት ዛሩ እየተቆጣ ይጠይቅላታል፤ ባልም ከሚስቱ ያልሰማውን ከዛሩ ይሰማል፣ ይታዘዛልም። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ጋኔን ማለት ለመናገር ያልተፈቀደላት ሴት ያገኘችው አንደበት ነበር። ይህን ያየ ደራሲ ጋኔኑን ማባረር አያስፈልገውም፤ ምን እያለ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ቢሰማው ይበቃዋል።

ቤተ ልሔምን በሩቅ ያየ ሰው ክብ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክነም በበቅሎ እዚያ ደርሶ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ በዚያ ክብ ጣሪያ ሥር በድንጋይ የታነጸ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተሸፍኖ አገኘ። የአገሩ ካህናት ሁሉ ሲያውቁት የኖሩትን ነገር ለዓለም አዲስ ግኝት አድርጎ አወራ። የእርሱስ ይሁን፤ ቢያንስ በሩን ከፍቶ ገብቷል።

በቤተ መዘክርና በየሰው እጅ ከሚገኙት አሮጌ ክታቦች መካከል ስም የተፋቀባቸው አሉ። ጸሐፊው ጸሎቱን አስቀድሞ ጽፎ፣ ገዢዋ ስትመጣ የክርስትና ስሟን በተተወው ቦታ ያስገባ ነበር። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው በዞረ ጊዜ የቀድሞው ስም በምላጭ ይፋቅና አዲሱ በላዩ ይጻፋል። ብራናው ወደ ብርሃን ከተያዘ የመጀመሪያው ስም ፍንጭ አንዳንዴ ይታያል። ያች የመጀመሪያዪቱ ሴት ማን ነበረች? ክታቡን ለምን ሰጠችው? ልጅዋ አድጎላት ስላላስፈለጋት ነው፣ ወይስ የምትጠብቀው ልጅ ስላልቀረላት? ሁለተኛዪቱስ ይህን ጠይቃ ነበርን?